ለጨው ውሃ የሚሆን የዓሣ ማጥመጃ ማጠንጠኛ አመራረጥ፤ ለአስመጪዎችና ለባለሱቆች የቀረበ ትምህርት

ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው ሁሉ፤ ነጋዴም አንድን ዕቃ ከመግዛቱ በፊት ያ ዕቃ ከምን እንደ ተሠራ፥ በምን ምክንያት እንደሚበላሽና በማን እጅ እንደሚውል አስቀድሞ ሊመረምር ይገባዋል። ዋጋውን ብቻ አይቶ የሚያዝዝ ሰው በሣጥኑ ላይ የተጻፈውን ቃል ገዛ ማለት ነው። ቃሉም ውሸት ሆኖ በተገኘ ጊዜ ከደንበኛው ፊት የሚቆመው ባለሱቁ እንጂ ፋብሪካው አይደለም።

በዛሬው ትምህርታችን የምንመለከተው ዕቃ በመልኩ ትንሽ፥ በአሠራሩ ግን ረቂቅ የሆነውን የዓሣ ማጥመጃ ክር ማጠንጠኛ፤ በተለይም ፈረንጆች ስፒኒንግ ሪል የሚሉትን ነው። አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ዳርቻ ባይኖራትም፤ በጅቡቲና በዓረብ ባሕረ ሰላጤ ከተሞች ሱቅ ከፍተው የሚነግዱ ወንድሞችና እኅቶች አሉን። እነዚህም ነጋዴዎች ከቀይ ባሕርና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ቱናን፥ ባራኩዳንና ሌላውንም ታጋይ ዓሣ ለሚያጠምዱ ሰዎች መሣሪያ ያቀርባሉ። ደግሞም ለጨው ውሃ የጸና ማጠንጠኛ በጫሞ ሐይቅና በባሮ ወንዝ ናይል ፐርች ለሚያጠምደው ሰው ከበቂ በላይ ይሆናልና፤ ትምህርቱ በአገር ውስጥ ላለውም ባለሱቅ ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

የመሣሪያው አሠራር

ቀድሞ በነበረው የማጠንጠኛ ዓይነት ክሩ የተጠቀለለበት ክፍል ራሱ እየዞረ ክሩን ይለቅ ነበር። በጨርቃ ጨርቅ ሥራ የሚኖር አልፍሬድ ኢሊንግወርዝ የተባለ እንግሊዛዊ ግን፤ በእ.ኤ.አ. 1905 ዓ.ም. የፈጠራ መብት ባስመዘገበበት መሣሪያ መጠቅለያው ሳይዞር፤ ክሩ ከጫፉ እየተተረተረ እንዲወጣ አደረገ። ይህም በክር ፋብሪካ ውስጥ ክር ከመጠቅለያው ጫፍ እየተተረተረ ከሚወጣበት አኳኋን ጋር ይመሳሰላል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ሰዓት ሠሪዎች በሚበዙባት በፈረንሳይ ከተማ በክሉዝ፤ ካርፓኖ ኤ ፖንስ የተባለው ድርጅት ሚቸል የሚባለውን ማጠንጠኛ በብዛት እያወጣ ዓሣ አጥማጁን ሁሉ አስለመደው። በዛሬው ገበያ ስማቸው ከሚነሣው ፋብሪካዎች መካከል በእ.ኤ.አ. 1932 ዓ.ም. በፊላደልፊያ የተቋቋመው ፔን፥ በእ.ኤ.አ. 1921 ዓ.ም. በጃፓን በሳካይ ከተማ ሥራ የጀመረው ሺማኖ፥ እንዲሁም የጃፓኑ ዳይዋ ይገኛሉ።

አንባቢ ሆይ፤ የሚከተለውን በልብህ ያዝ። አጥማጁ መዘውሩን ሲያዞር በሣጥኑ ውስጥ ያለው ትልቅ ማርሽ ትንሹን ማርሽ ያዞራል፤ ትንሹም ማርሽ የፊተኛውን ራስ ያሽከረክራል። በራሱም ላይ ክሩን የሚይዝ ቅስት ሽቦና ክሩ የሚያልፍባት አንዲት ትንሽ መንኰራኵር አሉ። ራሱ በዞረ ቍጥር ክሩ በመጠቅለያው ላይ ይጠነጠናል። ወደ ኋላ እንዳይዞር የሚከለክል መቆለፊያ ደግሞ በውስጡ አለ። ዓሣው በኃይል በጐተተ ጊዜም ክሩ እንዳይበጠስ በመጠኑ የሚለቅ ፍሬን ከመጠቅለያው ጋር ተያይዞ ተሠርቷል። እንግዲህ መመርመር ያለባቸው ዋና ዋና ክፍሎች እነዚህ ናቸው።

ጨው ብረትን እንዴት እንደሚበላ

የውቅያኖስ ውሃ በአንድ ኪሎ ግራም ውስጥ በአማካይ 35 ግራም ያህል ጨው ይይዛል፤ ቀይ ባሕር ግን ፀሐዩ የበረታ፥ ዝናሙ ያነሰ በመሆኑ ወደ 40 ግራም ይደርሳል። ስለዚህ በቀዝቃዛ ባሕር ተፈትኖ የተመሰገነ መሣሪያ በእኛ አካባቢ ባሕር የበለጠ ፈተና ይጠብቀዋል።

ጨው ጉዳት የሚያደርሰው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛ፤ ተራውን ብረት ፈጥኖ ያዝገዋል። ሁለተኛ፤ ውሃው በደረቀ ጊዜ የቀረው የጨው ቅንጣት በኩሽኔታና በማርሽ መካከል ገብቶ እንደ አሸዋ ይፈጫል፤ ከአየሩም እርጥበት እየሳበ ዝገቱን ያራዝማል። ሦስተኛውን ብዙ ነጋዴ አያውቀውም። ሁለት የተለያዩ የብረት ዓይነቶች ተነካክተው በጨው ውሃ በራሱ ጊዜ፤ በመካከላቸው እንደ ባትሪ ያለ ኃይል ይፈጠርና ደካማው ብረት እየተበላ ይሄዳል። የማይዝግ ብረት ብሎን በአሉሚኒየም አካል ላይ በተሰካ ጊዜ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። በብሎኑ ዙሪያ ነጭ ዱቄት ከታየ የዚህ ምልክት መሆኑን ዕወቅ።

ከዚህ የተነሣ የአካሉ ማቴሪያል በጥንቃቄ ሊታይ ይገባዋል። ከካርቦን ጋር የተቀላቀለ ፕላስቲክ አይዝግም፤ ነገር ግን ከባድ ዓሣ በጐተተው ጊዜ ይተጣጠፍና ማርሾቹ ከመሥመራቸው ይወጣሉ። አሉሚኒየም ጠንካራ ነው፤ በላዩ ላይ የተደረገው መከላከያ ሽፋን እስካልተፋቀ ድረስ ጨውን ይችላል። ማግኒዚየም ከአሉሚኒየም የቀለለ ስለ ሆነ በእጅ ሲይዙት ደስ ያሰኛል፤ ሽፋኑ በተጫረ ጊዜ ግን ጨው ፈጥኖ ይበላዋል። ስለዚህ ለድንጋያማ ዳርቻና ለጀልባ ሥራ አሉሚኒየሙን ማስቀደም የተሻለ ነው።

ናሙና ሲመጣ የሚመረመሩ ነገሮች

1ኛ፤ ኩሽኔታ። በሣጥኑ ላይ የኩሽኔታው ቍጥር በትልቁ ይጻፋል። ገዢውም ብዛቱን የጥራት ምልክት አድርጎ ያየዋል። ይሁን እንጂ ከማይዝግ ብረት ተሠርተው ግራና ቀኛቸው የተከደነ 5 ኩሽኔታዎች፤ ከተራ ብረት ከተሠሩ 13 ኩሽኔታዎች ይበልጣሉ። ኩሽኔታ በበዛ መጠን የሚዝገውም ቦታ ይበዛልና፤ ለወኪሉ በምትጽፈው ደብዳቤ «ስንት ናቸው?» ብቻ ሳይሆን «ከምን ተሠሩ? ተከድነዋልን?» ብለህ ጠይቅ።

2ኛ፤ ማርሽ። ርካሹ ማርሽ ከዚንክ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ነው። ይህም ለትንሽ ዓሣ ይበቃል፤ ከባድ ሸክም በተደጋገመበት ጊዜ ግን ጥርሱ ይላጫል። ከነሐስ በማሽን የተቈረጠ፥ ወይም ከጠንካራ አሉሚኒየም ተቀጥቅጦ የተሠራ ማርሽ ዕድሜው ረጅም ነው። ለማወቅ መዘውሩን በዝግታ አዙረህ አድምጥ፤ ቍርጥርጥ የሚል ስሜት በአዲሱ ዕቃ ላይ ካለ ከጊዜ ጋር ይብሳል እንጂ አይሻሻልም።

3ኛ፤ ፍሬን። ፍሬኑ ከተደራረቡ ሮንዴላዎች ይሠራል። የካርቦን ሮንዴላ ሙቀትን ይችላል፤ በረጅም ግብግብ ውስጥም ኃይሉ እምብዛም አይለዋወጥም። ከሱፍ መሰል ጨርቅ የተሠራው ለስላሳ ቢሆንም በሙቀትና በውሃ ቶሎ ይዳከማል። በሣጥኑ ላይ የተጻፈው ከፍተኛ ኪሎ ብቻ አያሳምንህ፤ ፍሬኑ ሳይንገጫገጭ በእኩልነት መልቀቁ ይበልጣል።

4ኛ፤ ወደ ኋላ የማያስዞረው መቆለፊያ። መዘውሩን ወደ ኋላ ስትገፋው ወዲያው መቆም አለበት። ይህ ክፍል ውሃ ወይም የበዛ ግራሶ ከገባበት ይንሸራተታል፤ መዘውሩም በድንገት ወደ ኋላ ዞሮ የአጥማጁን ጣት ሊመታ ይችላል። ስለዚህ በዙሪያው የውሃ መከልከያ ላስቲክ መኖሩን ተመልከት።

5ኛ፤ የክሩ መንኰራኵር። ይህች ትንሽ ክፍል ለባሕር ውሃ ከሁሉ ይልቅ የተጋለጠች ናት፤ ክሩ የባሕሩን ውሃ ሁሉ ተሸክሞ በእርስዋ ላይ ያልፋልና። መዞርዋን ካቆመች ክሩ አንድ ቦታ ላይ እየፋቀ ይቈርጣታል፤ እርስዋም በተራዋ ክሩን ትቈርጠዋለች። ዛሬ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት የተጎነጎነ ክር ቀጭንና ጠንካራ በመሆኑ ይህን ጉዳት ያፋጥነዋል።

6ኛ፤ መዘውሩ። በቀጥታ ወደ ማርሹ በጥምዝ የሚገባ መዘውር፤ ከጐን በብሎን ከሚያዝ መዘውር ይልቅ ጽኑ ነው፤ ከጊዜ ብዛት የሚመጣውም ልቅነት ያንሳል።

«ውሃ አያስገባም» የሚለው ቃል ትርጕም

በካታሎግ ላይ አይፒኤክስ የሚል ፊደልና ከእርሱ ቀጥሎ ቍጥር ሊገኝ ይችላል። ይህ ዓለም አቀፍ የመመዘኛ ምልክት ነው። 5 ማለት ከየአቅጣጫው የሚረጭ የውሃ ፍንጥቅታን ይችላል፤ 6 ማለት ብርቱ ፍንጥቅታን ይችላል፤ 7 ማለት በ1 ሜትር ጥልቀት ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይቆያል፤ 8 ማለት ደግሞ ከዚህ በሚከብድ ሁኔታ፤ ፋብሪካው በሚገልጸው ጥልቀትና ጊዜ መጠን፤ በውሃ ውስጥ መቆየት ይችላል ማለት ነው።

ነገር ግን ነጋዴው ሁለት ነገር ማስተዋል አለበት። ፈተናው የሚደረገው በአዲስ ዕቃ ላይና በንጹሕ ውሃ ነው፤ ላስቲኩ ካረጀ በኋላና በጨው ከደረቀ በኋላ ስለሚሆነው ነገር ምንም አይናገርም። እንዲሁም በደንብ የተዘጋ መሣሪያ አንድ ጊዜ ውሃ ከገባበት፤ ያው ላስቲክ ውሃውን ከውስጥ አስሮ ይይዘዋል። ስለዚህ ዝግ ማጠንጠኛ ጥገና አያስፈልገውም ብሎ ለገዢ መንገር ስሕተት ነው። የዳይዋ ፋብሪካ በአንዳንድ ማጠንጠኛዎቹ ላይ ላስቲክን ተክቶ በማግኔት የሚያዝ ዘይት ውሃውን እንዲከለክል አድርጓል። ብልሃቱ መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ በዚያ ክፍል ላይ ባለቤቱ ራሱ ሌላ ዘይት ከጨመረበት ይበላሻል፤ ጥገናውም የሠለጠነ ሠራተኛ ይፈልጋል። በአቅራቢያህ እንዲህ ያለ ሠራተኛ ከሌለ፤ ባለቤቱ ሊፈታውና ሊጠግነው የሚችለውን ዓይነት ማስመጣት ይሻላል።

ጥቂት ስሌት

ባለሱቅ ሁሉ ሊያውቃቸው የሚገቡ ሦስት ስሌቶች አሉ።

የመጀመሪያው ስለ ፍጥነት ነው። በሣጥኑ ላይ 5.7 ለ 1 ተብሎ ከተጻፈ፤ መዘውሩ አንድ ጊዜ ሲዞር ራሱ 5.7 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። የተጠቀለለው ክር ወርድ 6 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፤ 3.14 በ6፥ ደግሞ በ5.7 ሲባዛ 107 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። አጥማጁ በአንድ ዙር የሚሰበስበው ክር ይህን ያህል ነው።

ሁለተኛው ስለ ፍሬን ነው። ፍሬኑ የሚጠብቀው በክሩ የመበጠሻ ኃይል ከሩብ እስከ ሢሶ ድረስ ነው። 15 ኪሎ የሚችል ክር ከሆነ ፍሬኑ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ይደረጋል፤ መጠኑም በሞላ ሚዛን ይለካል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ይታወስ። ዓሣው ክሩን እየጐተተ በሄደ ጊዜ በመጠቅለያው ላይ የቀረው ክር ወርድ ያንሳል፤ ፍሬኑም ሳይነካ በራሱ ይጠብቃል። ወርዱ ከ6 ወደ 4 ሳንቲ ሜትር ቢወርድ፤ 5 ኪሎ የነበረው ፍሬን 7.5 ኪሎ ይሆናል። አጥማጁ «ክሩ ደካማ ነው» ብሎ ወደ ሱቅ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ይህን ባለማወቁ ነው።

ሦስተኛው ስለ ዋጋ ነው። ለምሳሌ ያህል ብቻ፤ አንዱ ማጠንጠኛ 4,000 ብር ተሸጦ አንድ ዓመት ይኖራል፤ ሌላው 12,000 ብር ተሸጦ 6 ዓመት ይኖራል፥ በየዓመቱም ማብቂያ 500 ብር ለጥገና ይወጣበታል እንበል። በ6 ዓመት ውስጥ የርካሹ ወጪ 24,000 ብር ይሆናል። የጽኑው ወጪ ግን አምስት ጊዜ ጥገና ታክሎበት 14,500 ብር ነው። ልዩነቱ 9,500 ብር ሲሆን፤ በባሕር መካከል መሣሪያው ቆሞ ያመለጠው ዓሣና የባከነው ቀን በዚህ ውስጥ አልተቈጠረም።

ምናልባት አንዳንዱ ነጋዴ «ርካሹን ስድስት ጊዜ መሸጥ አይሻለኝምን?» ይል ይሆናል። መልሱ ቀላል ነው፤ በመጀመሪያው የተጎዳ ሰው ሁለተኛውን ከዚያው ሱቅ አይገዛም።

በአንድ ሱቅ የሆነው ነገር

በጽሕፈት ሥራ የማገለግላቸው ነጋዴ በጅቡቲ ሱቅ አላቸው። በአንድ ወቅት ከአንድ ወኪል ሁለት ደርዘን ማጠንጠኛ ተቀበሉ፤ በሣጥኑም ላይ «13 ኩሽኔታ፥ ለባሕር የተሠራ» የሚል ተጽፎ ነበር። ወራት ሳይቆይ ዕቃው መመለስ ጀመረ። ሻጩ ልጅ «ጋሼ፥ ይህ ሦስተኛው ሰው ነው፤ ምን ልበለው?» ብሎ በጠየቃቸው ጊዜ፤ «ገንዘቡን መልስለትና ዕቃውን ወዲህ አምጣው» አሉት። ዕቃው የተመለሰበት ሰው በጀልባ አጥምዶ ቤተ ሰቡን የሚያስተዳድር ነበር፤ ያመጣውም ቅሬታ መዘውሩ ዓሣው በተያዘበት ሰዓት ተጣብቆ አልዞር ስላለ ክሩን ቈርጦ ለመመለስ መገደዱን ነው።

ማጠንጠኛው በጠረጴዛ ላይ በተፈታ ጊዜ የታየው ይህ ነበር። ኩሽኔታዎቹ ተራ ብረት ሆነው ዝገው ነበር፤ በመዘውሩ ቀዳዳ ዙሪያ የውሃ መከልከያ ላስቲክ ፈጽሞ አልነበረም፤ የዚንኩም ማርሽ ጥርሱ ተልጦ ነበር። ሆኖም አካሉ እንከን አልነበረውም። ነጋዴውም የቀሩትን ደብቀው ለመሸጥ አልወደዱም፤ በእያንዳንዱ ላይ «ለጨው ውሃ አይሆንም» የሚል ወረቀት አስለጥፈው በተቀነሰ ዋጋ ወደ ሐይቅ አካባቢ ላኩት። በዚያ ንግድ ገንዘብ ከሰሩ፤ ዕቃውን የመለሰው ባለጀልባ ግን ደንበኛቸው ሆኖ ቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሱቁ አንድ ደንብ ወጣ፤ ይኸውም ከማንኛውም አዲስ ዓይነት አንድ ናሙና ሳይፈታና በጨው ውሃ ሳይሞከር ትእዛዝ እንዳይፈረም ነው።

ለአስመጪው የሚሆን ምክር

ናሙናውን ስትፈትን የሚከተለውን አድርግ። መሣሪያውን በባሕር ውሃ አርሰህ ሳታጥበው ለጥቂት ቀን በጥላ አኑረው፤ ከዚያም ፍታውና ዝገት፥ ነጭ ዱቄት፥ ውስጥ የገባ እርጥበት መኖሩን ተመልከት። አንድ ናሙና ማጥፋት ሙሉ ጭነት ከማጥፋት ይቀልላል።

በትእዛዝ ደብዳቤህ ላይ የመለዋወጫውን ነገር አትርሳ። ከማጠንጠኛው ጋር የክር መንኰራኵር፥ የቅስቱ ሞላ፥ የፍሬን ሮንዴላ፥ የመዘውር እጀታና መለዋወጫ ላስቲክ አብረው ይታዘዙ። የተፈቱ ክፍሎችን ቍጥር የሚያሳይ ሥዕል ወኪሉ እንዲልክልህ ጠይቅ፤ ሥዕሉን ሊሰጥ የማይችል ወኪል መለዋወጫውንም ሊሰጥ አይችልም።

መጠኑን በሚመለከት፤ 4000፥ 6000፥ 10000 እየተባለ የሚጻፈው ቍጥር በሁሉም ፋብሪካ ዘንድ አንድ ልክ የለውም። ስለዚህ በቍጥሩ ብቻ ሳታዝዝ፤ መጠቅለያው ስንት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ክር ስንት ሜትር እንደሚይዝና ክብደቱ ስንት ግራም እንደ ሆነ በጽሑፍ አስፍር።

ለጉምሩክ መግለጫ፤ በዓለም አቀፉ የዕቃዎች መለያ ሥርዓት የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ በ9507.10፥ መንጠቆ በ9507.20፥ ማጠንጠኛ ደግሞ በ9507.30 ይመደባል። ሦስቱ በአንድ ሣጥን ቢመጡም እያንዳንዱ በዋጋ ደረሰኙ ላይ ለየብቻው ቢዘረዘር መጓተትን ያስቀራል።

ሱቁን በሦስት ደረጃ ማደራጀት መልካም ነው። አልፎ አልፎ ከወደብ ዳር ለሚያጠምድ ሰው በመጠኑ የተከለለ ቀላል ዓይነት፤ በጀልባ ለሚሠራው የአሉሚኒየም አካልና የካርቦን ፍሬን ያለው መካከለኛ ዓይነት፤ ማዕበል እየመታው ውሃ ውስጥ ቆሞ ለሚያጠምደው ፈጽሞ የተዘጋ ዓይነት ይቅረብ። ለሁሉም ውዱን መግፋት እንደ ማታለል ነው፤ ለባለጀልባውም ቀላሉን መስጠት እንዲሁ።

ከዕቃው ጋር ለገዢው የሚሰጥ ቃል

ሻጩ ዕቃውን ሲያስረክብ የሚከተለውን በቃልም በወረቀትም ይንገር። ከባሕር ሲመለሱ የፍሬኑን ማጥበቂያ አጥብቀው በንጹሕ ውሃ በቀስታ ያለቅልቁት፤ በብርቱ የሚረጭ ውሃ ጨውን ወደ ውስጥ ያስገባልና ይጠንቀቁ። ባሕር ውስጥ ነክረው አይጠቡት። በጨርቅ አብሰው በጥላ ያድርቁት፤ ከዚያም ሮንዴላዎቹ ተጨፍልቀው እንዳይቀሩ ፍሬኑን ያላሉት። ፋብሪካው በሚፈቅደው ቦታ፤ ይኸውም በክሩ መንኰራኵርና በመዘውሩ እጀታ ላይ፤ አንድ ጠብታ ዘይት ይጨምሩ። በቤንዚን አያጥቡት፤ ግራሶውን አጥቦ ላስቲኩን ያበላሻል። የተጎነጎነ ክር የሚጠቀሙ ከሆነ መጠቅለያው ላይ እንዳይንሸራተት አስቀድመው ጥቂት ዙር የናይሎን ክር ይጠቅልሉ። በዓመት አንድ ጊዜም አስፈትተው ያስጠርጉት።

ይህን ወረቀት አሳትሞ በየሣጥኑ ውስጥ ማኖር ብዙ ወጪ የለውም። የሚመለሰውን ዕቃ ግን ይቀንሳል፤ ቢመለስም እንኳ ጥፋቱ ከዕቃው ይሁን ከአያያዙ በቀላሉ ይለያል።